አውሳን የት ጻፍከው?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ምሳ በልተን ወደ ሰመራ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሰመራ ነው የሚማረው፤ አፋር ነው። ስለ ግብፅና ኢትዮጵያ ጦርነት እየጻፍኩ መሆኔን ስነግረው «እስቲ ልየው» ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ። አላነበበውም። በጣቱ እየገፋ ንዑስ ርዕሶቹን ብቻ አየ፦ «የኬዲቭ እስማኤል ሕልም»፣ «ጉንደት»፣ «ጉራ»፣ «ከድሉ በኋላ»። ስልኩን መለሰልኝና፣

«አውሳን የት ጻፍከው ወንድሜ?» አለኝ።

«አለ እኮ!» አልኩት። ነበረም። «ጉንደት» በሚለው ስር፣ አራተኛው አንቀጽ ውስጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

አንድ ዓረፍተ ነገር

ያቺ ዓረፍተ ነገር የያዘችው ይህንን ነው። ኅዳር 1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉንደት ላይ ግብፆችን ሲያሸንፍ፣ በዚያው ወር ሌላ የግብፅ ጦር ከታጁራ ተነስቶ አውሳ ገብቶ ነበር። መሪው ለግብፅ ያደረው ስዊዘርላንዳዊ ወርነር ሙንዚንገር ነው። በአውሳ አቋርጦ ሸዋ፣ ምኒልክ ዘንድ ለመድረስ ያሰበው ይህ ጦር በሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ዘመን በአፋር ተዋጊዎች ተመታ፤ ሙንዚንገርም እዚያው ሞተ።

የጻፍኩት ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ያለው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። «ጉንደት» የሚል ርዕስ ስር ያለ አውሳ፣ የጉንደት ጭራ ይመስላል። አፋሮቹ የራሳቸውን አገር እንደጠበቁ ሳይሆን ሌላ ቦታ ለሚካሄድ ጦርነት እግረ መንገዳቸውን እንዳገዙ ሆኖ ይነበባል። አንዲት የውሸት ቃል ሳልጽፍ የአንድን ሕዝብ ድል አሳነስኩት።

ማደሪያ

«ምዕራፍ» የሚለው የግዕዝ ቃል «ዐረፈ» ከሚለው ነው የመጣው፤ ማረፊያ ማለት ነው። «አንቀጽ» ደግሞ በር ነው። የብራና ጸሐፊዎች የክፍል መጀመሪያዎችን በቀይ ቀለም ይጽፉ የነበረው በከንቱ አይደለም፤ አንባቢ የት እንደሚገባና የት እንደሚያርፍ እንዲያይ ነው።

አዋሽ ራሷ እንዲህ ዓይነት ምዕራፍ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። መንገደኛ ደግሞ ያደረበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ባቡሩ ያልቆመበትን አገር በመስኮት አይቶት ያልፋል። ሐዲዱ በአውሳ አላለፈም።

አንባቢም እንደዚያው ነው። ስልክ ላይ ስናነብ ሁላችንም እንደዚያ ልጅ ነን፦ ርዕስ ካለ እንቆማለን፣ ከሌለ እናልፋለን። ብዙዎቻችን ከአፋር ታሪክ የምናውቀው ሉሲን ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስለተገኘች «የሰው ልጅ አመጣጥ» የሚል ርዕስ አላት። ከእሷ በኋላ ያለው አፋር ግን የሌሎች ርዕስ ስር ተበትኗል።

ባዶው ቦታ

ሰመራ ማታ ገባን። አልጋ ይዤ ረቂቁን ከፈትኩ። መጀመሪያ «የሙንዚንገር ሞት» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ሰረዝኩት፤ አሁንም ባለ ታሪኩ ፈረንጁ ሆነ። «አውሳ፣ ኅዳር 1868» አልኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከጉንደት አውጥቼ ከስሩ አስቀመጥኳት።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ርዕሱ ቆሟል፣ ከስሩ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ጉንደት ውስጥ ተሸሽጋ ሳለች የምትበቃ ትመስል ነበር። ሱልጣኑ ከማን ጋር መከረ? የጦሩን መምጣት ማን ነገረው? የሞቱት አፋሮችስ? አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር፤ ርዕስ ስላልሰጠሁት ጥያቄ መኖሩንም አላወቅኩም።

ንዑስ ርዕስ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደ ዕዳ ነው የማየው፦ ከጻፍከው ከስሩ ያለውን መሙላት አለብህ።

ጠዋት ለልጁ ደወልኩለት። «አውሳን ጽፌዋለሁ» አልኩት። «ግን ገና ባዶ ነው። ታሪኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋ ታደርሰኛለህ?»

«አሳይታ እንሂድ» አለኝ።