አረጋውያንን ከመውደቅ የሚጠብቁ የአካል እንቅስቃሴዎች

አዲሱ ገበያ ከእንጦጦ ግርጌ የተቀመጠ ሰፈር ነው። ከዋናው የጎጃም መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ ዳገትና ቁልቁለቱ ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ያንሸራትታል። ጨለማው ሳይገፍ ለሱብሂ ሰላት ለሚወጡ አባቶችና እናቶች ይህ መንገድ ቀላል አይደለም።

የመውደቅ ጉዳት በስብራት ብቻ አያበቃም። አንድ ጊዜ የወደቀ አዛውንት ዳግም እንዳይወድቅ ፈርቶ ቤት ይውላል። ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም የመውደቅ ዕድሉ ይብሳል። ቀስ በቀስ ከጀመዓ ሰላትም፣ ከጀናዛም፣ ከጎረቤትም ይርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሞቱ የሚበዛውም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» ማለት ግን ስህተት ነው። በአላህ መመካት ሰበብ ማድረስን አያስቀርም፤ ለመውደቅ ደግሞ የታወቀ መከላከያ አለ።

የትኛው እንቅስቃሴ ይጠቅማል?

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ኮክሬን የተባለ የጥናቶች ግምገማ 108 ጥናቶችን መርምሯል። እንቅስቃሴ የሚሠሩ አረጋውያን የሚወድቁበት መጠን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሰውነት ሚዛን መጠበቂያና የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴዎች አብረው ሲሠሩ ቅነሳው 34 በመቶ ያህል ደርሷል። በእግር መሄድ ለልብም ለስኳርም ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ከመውደቅ ለመጠበቅ በቂ አይደለም።

በኒውዚላንድ የተዘጋጀው «ኦታጎ» የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አረጋውያን በቤታቸው በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል የእግር ጡንቻና የሚዛን እንቅስቃሴ ይሠራሉ፤ ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ በእግራቸው ይጓዛሉ። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

በቤት የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች

ግድግዳ የተደገፈ ጠንካራ ወንበር ያዘጋጁ፤ የሚንሸራተት የፕላስቲክ ወንበር አይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሰው አጠገብ ይቁም።

1. ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፦ ከ5 እስከ 10 ጊዜ። ቢቻል በእጅ ሳይደገፉ።
2. ወንበሩን ይዞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፦ 10 ጊዜ።
3. ተረከዝን መሬት ላይ አድርጎ የእግር ጣቶችን ማንሳት፦ 10 ጊዜ።
4. ወንበሩን ይዞ በአንድ እግር መቆም፦ በእያንዳንዱ እግር 10 ሰከንድ።
5. በግድግዳ ጥግ ወደ ጎን 10 እርምጃ መሄድና መመለስ።
6. የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኙ ቀጥ ብሎ መራመድ።

እንዳይረሳ ከሰላት ሰዓት ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ያቁሙ። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወደቀ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም በስኳር ምክንያት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ወላጅዎን ለመፈተን ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር እንዲሄዱ፣ ዞረው ተመልሰው እንዲቀመጡ ያድርጉ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ስጋት አለባቸው።

በውዱእና በመስጂድ

እግር ለመታጠብ በአንድ እግር መቆም፣ በተለይ በእርጥብ ወለል ላይ፣ አደገኛ ነው። ተቀምጠው ውዱእ ያድርጉ። የመስጂድ ኮሚቴዎች በቧንቧው አጠገብ መቀመጫ፣ በደረጃው መደገፊያ ብረት፣ በጫማ ማውለቂያው ወንበር ቢያዘጋጁ ትልቅ ኸይር ነው። ከሱጁድ ሲነሱ የሚያዞረው ሰው ቀስ ብሎ ይነሳ። መቆም ላልቻለ ተቀምጦ መስገድ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ ዝርዝሩን ኡስታዞችን ይጠይቁ። በረመዳን ደግሞ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሰዓትን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሰው ቢወድቅ

ተቻኩለው አያንሱት። እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ወይም መርገጥ ካልቻለ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ጋ አይወሰድ፤ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ እግርን እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ በእሱ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ደግሞ ድንገተኛ አደጋዎችን ያክማል።

የአዲሱ ገበያ ወጣቶች በሳምንት ሦስት ቀን የመስጂዱን ግቢ ለአባቶች፣ ለብቻ ደግሞ ለእናቶች አመቻችተው ይህን ቢያሠሩ ወጪው ጥቂት ወንበሮችና ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ለወላጆቻችን የምንውለው ውለታ ከወደቁ በኋላ ከመሸከም ይልቅ ሳይወድቁ ቢጀምር ይበልጣል። አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን።