በነፃ የተሰናበተ ሰው የጠበቃ ወጪው ይመለስለታል? በእንግሊዝና በዌልስ ያለው አሠራር

በእንግሊዝና በዌልስ በወንጀል ተከሶ በነፃ የተሰናበተ ሰው ለጠበቃ የከፈለው በሙሉ የሚመለስለት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሕጉ ወጪ ማስመለስን ይፈቅዳል፤ በክራውን ኮርት የታየ ጉዳይ ከሆነ ግን ወሳኙ ክሱ እንደተጀመረ የሚሞላ አንድ ማመልከቻ ነው።

መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የወንጀል ክስ ሕግ አንቀጽ 16 ነው። ፍርድ ቤቱ በነፃ ያሰናበተው ሰው ወጪ ከመንግሥት ካዝና እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። ቀድሞ ተመጣጣኝ የተባለ የጠበቃ ክፍያ በዚህ መንገድ ይመለስ ነበር። በ2012 የተደረገው ለውጥ ግን በግል ጠበቃ ቀጥሮ በክራውን ኮርት የተከራከረን ሰው ባዶ እጁን አስቀረው። የሕግ ባለሙያዎች “የንጹሐን ግብር” ያሉት ይህንን ነው፤ ስሙ አልበዛበትም። የፓርላማው ምክትል አፈ ጉባኤ የነበሩት ናይጀል ኤቫንስ በ2014 ከክሶቹ ሁሉ ነፃ ሲባሉ ለጠበቃ 130,000 ፓውንድ ገደማ አውጥተው ነበር።

ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ በሩ በከፊል ተከፍቷል፤ ቁልፉ ግን ሊጋል ኤይድ፣ ማለትም መንግሥት ለተከሳሽ የሚሰጠው የጠበቃ ድጋፍ ነው። በክራውን ኮርት የሚከሰስ ሰው መጀመሪያ ለሊጋል ኤይድ ማመልከት፣ ከዚያም ገቢው ከፍ ያለ ነው ተብሎ መከልከል አለበት። ጣሪያው የተቀመጠው ከቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ላይ ግብርና መሠረታዊ ወጪዎች ተቀንሰው በሚተርፈው 37,500 ፓውንድ ነው። “መቼም አይሰጡኝም” ብሎ ሳያመለክት ጠበቃ የቀጠረ ሰው ቢፈረድለትም የጠበቃውን ክፍያ አያገኝም። የክልከላው ደብዳቤ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሲደርስ ተናዶ መቅደድ አይገባም።

ደብዳቤው ያለውም ቢሆን የሚመለስለት በሊጋል ኤይድ ተመን ልክ ብቻ ነው። የግል ጠበቃ ከዚያ በላይ ስለሚያስከፍል ልዩነቱ ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት “በነፃ ብሰናበት ምን ያህሉ ይመለስልኛል?” ብሎ ጠበቃውን መጠየቅ ነውር የለውም።

በማጂስትሬት ፍርድ ቤት የክልከላ ደብዳቤ አይጠየቅም፤ ተመኑ ግን ያው ነው። ሊጋል ኤይድ አግኝቶ በክራውን ኮርት ከገቢው ላይ በየወሩ መዋጮ ሲከፍል የቆየ ሰው ደግሞ ነፃ ሲባል ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለስለታል።

ትዕዛዙን ጠበቃው በችሎቱ መጨረሻ ላይ መጠየቅ አለበት። ዳኛው ሊከለክልም ይችላል፤ ለምሳሌ ተከሳሹ በራሱ አድራጎት ጥርጣሬ ጠርቶ ዐቃቤ ሕግን ያሳሳተ ከሆነ። ትዕዛዙ ከተሰጠ በኋላ ጥያቄው ከነደረሰኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ለሊጋል ኤይድ ኤጀንሲ ይቀርባል። ወደ ችሎት የተመላለሱበት የትራንስፖርት ወጪ ይካተታል፤ ከሥራ በመቅረት የታጣ ደመወዝ ግን አይካተትም። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።