የማይረሳው ሜሞሪና ስሙ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በኮምፒውተር ውስጥ ግን ስም የሚያወጣው ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ሲሳሳት ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው የዳታው ባለቤት ነው።

ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለው። ራም ፈጣን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ዲስክ አይረሳም፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ በጄይ ፎረስተር መሪነት፣ ዊርልዊንድ በተባለው ኮምፒውተር ላይ የተገጠመው ሜሞሪ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ነበር። ማግኔት መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢንቴል 1103 የተባለውን ቺፕ ለገበያ ሲያቀርብ የቀለበቶቹ ዘመን ማክተም ጀመረ። ዓለም ርካሹን መረጠ፤ መርሳትንም አብሮ ገዛ።

ከ45 ዓመት በኋላ ያው ኢንቴል ከማይክሮን ጋር ሆኖ የማይረሳ አዲስ ሜሞሪ መሥራቱን አስታወቀ። በራም ቦታ የሚሰካ፣ ግን እንደ ዲስክ የሚያስታውስ ዕቃ ሊመጣ ነው ተባለ። ይህን እንግዳ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ለከርነሉ፣ ማን ያስተዋውቀው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር ሲነሳ ከርነሉ ምን ዓይነት ሜሞሪ እንደተሰካ በራሱ አያውቅም። ፈርምዌሩን ይጠይቃል፤ ፈርምዌሩም ዝርዝር ይሰጠዋል። በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ የሜሞሪ ክልል ቁጥር አለው። 1 ማለት «እንደፈለግህ ተጠቀምበት» ነው። 2 ማለት «የተያዘ ነው፣ አትንካው» ነው። የማይረሳው ሜሞሪ 1 ቢባል ከርነሉ እንደ ተራ ራም ለመጣው ፕሮግራም ሁሉ ያከፋፍለዋል፤ ትናንት የተቀመጠው ዳታ ይደመሰሳል። 2 ቢባል ደግሞ ውድ ዕቃ ተገዝቶ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

አንዳንድ አምራቾች መስፈርት እስኪወጣ አልጠበቁም። ራምና ፍላሽን በአንድ ሰሌዳ ላይ አጣምረው፣ መብራት ሲጠፋ ራሙ የያዘውን ወደ ፍላሹ የሚገለብጥ ሜሞሪ ሠሩ። በዝርዝሩም ላይ መስፈርቱ ያልሰጣቸውን ቁጥር 12 ተጠቀሙ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው «እዚህ የማይረሳ ሜሞሪ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። የትኛው ሰሌዳ የትኛውን ክልል እንደያዘ አይናገርም። ከብዙ ሰሌዳዎች አንዱ ሲበላሽ የማን ዳታ እንደተነካ በምን ይታወቃል?

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ኤሲፒአይ የተባለው የጋራ መስፈርት በ6.0 እትሙ ለማይረሳ ሜሞሪ ቁጥር 7ን በይፋ ሰጠ። ኤንፊት የተባለ ሰንጠረዥም ጨመረ፦ ክልሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የትኞቹ ሰሌዳዎች እንደያዙት፣ ዳታው በሰሌዳዎቹ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚገልጽ። ሊኑክስም በዚያው ዓመት በ4.2 እትሙ ሰንጠረዡን ማንበብ ጀመረ።

በፓወር ፕሮሰሰር የሚሠሩ ማሽኖች ግን ራሳቸውን የሚገልጹት ዲቫይስ ትሪ በተባለ ሌላ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሊኑክስ ለዚህም የራሱን አገላለጽ ተቀበለ። በውስጡ አንድ አስተዋይ ደንብ አለ። «ይህ ክልል በእርግጥ የሚረሳ ነው» የሚል ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል። ያኔ ከርነሉ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማቆያ ወጥቶ ሜሞሪው ላይ መድረሱን ለማረጋገጥ አይደክምም። ምልክቱ ከሌለ ግን ክልሉ የማይረሳ ነው ብሎ መውሰድ አለበት። ፈርምዌሩ ዝም ካለ ዳታው ሊጠበቅ እንደሚገባው ነገር ይቆጠራል ማለት ነው። እንዲህ ሲሳሳቱ የሚታጣው ጥቂት ፍጥነት ነው። በተቃራኒው ሲሳሳቱ የሚጠፋው የሰው ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ አይመለስም።

ዕቃው ራሱስ? የኢንቴሉ ሜሞሪ ኦፕቴን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2019 ለሰርቨሮች ቀረበ። አንዱ ሰሌዳ እስከ 512 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። ማይክሮን በ2021 ከሥራው ወጣ። ኢንቴልም በ2022 ኦፕቴንን እንደሚያቆም አስታውቆ 559 ሚሊዮን ዶላር የክምችት ኪሳራ መዘገበ።

ታዲያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነበር? አልነበረም። ኦፕቴንን የገዙ ድርጅቶች ዳታቸውን የሚያነብላቸው ከርነል አላጡም፤ ምክንያቱም አገላለጹ በአንድ ኩባንያ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን በአደባባይ የተጻፈ ነበር። ሲኤክስኤል የተባለው አዲሱ የግንኙነት መስፈርትም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 2.0 እትሙ ለማይረሳ ሜሞሪ ቦታ ሰጥቷል።

አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሁሉም ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ይጠይቃል። ማን ስም እንዳወጣለት፣ ስሙም የት እንደተጻፈ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አምራቹ ገበያውን ትቶ ሲሄድ ከገዢው ጋር የሚቀረው ያ ጽሑፍ ነው።