ከዓባይ ሸለቆ እስከ ጮቄ፤ የከፍታና የደን ታሪክ በዲማ ዙሪያ

ዲማ ጊዮርጊስ ሲነሣ አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው የደብሩን የአብነት ትምህርት፣ ወይም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ለደን ባለሙያ ግን ቦታው ሌላም ትርጉም አለው። ዲማ የሚገኝበት የቢቸና አገር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ወደ ጮቄ ተራራ ይወጣል። የሸለቆው ግርጌ በደጀን መንገድ ድልድይ አጠገብ 1,000 ሜትር ያህል ነው፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት 18 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው።

ዛፉም ይህንኑ ተከትሎ ይለዋወጣል። በሸለቆው የሚበቅሉት እንደ ግራር፣ አባሎና የዕጣን ዛፍ ያሉት ድርቅን የሚችሉ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ከፍ ሲባል ዋንዛ፣ ብሳናና ሰሳ ይመጣሉ፤ ከዚያም የጥድና የወይራ አገር ይሆናል። ከ3,000 ሜትር ወዲያ ኮሶና አስታ ይቀራሉ፤ በመጨረሻም ውርጩ ዛፍን ከልክሎ ጓሳውንና ጅብራውን ብቻ ያስቀራል። ከታች ወሰን የሚሆነው የውሃ እጥረት፣ ከላይ ደግሞ ብርዱ ነው። ወሰኑ ግን እንደ አጥር የተሰመረ አይደለም፤ አንዱ ዛፍ በሌላው ግዛት ውስጥ እየገባ ይበቅላል።

ይህን ነገር የኢትዮጵያ ገበሬ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ከከፈለው ዘመን የለውም። በአውሮፓ ጉዳዩ የትምህርት ዘርፍ የሆነው ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1802 የቺምቦራዞን ተራራ ከወጣ በኋላ፣ ዕፀዋቱን በየከፍታቸው አስፍሮ በ1807 ባሳተመው ሥዕል ነው። በእኛ አገር ጀምስ ብሩስ ኮሶን ሥሎ እ.ኤ.አ. በ1790 ለዓለም አስተዋውቋል። ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በስሜን ዕፀዋትን ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈው ሺምፐርም ኋላ ኋላ በሰበሰባቸው ዕፀዋት ላይ ከፍታቸውን ይጽፍ ነበር።

ለጎጃም ደን ጥፋት ዋነኛው ምክንያት ያው ከፍታ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጥድና ወይራ የሚወዱት አየር ለጤፍ፣ ለስንዴና ለበሬ እርሻም የሚስማማ ስለሆነ፣ ይበልጥ የተመነጠረው ይኸው ክፍል ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር አቃልሏል፤ ያገሩን ዛፍ ግን አልተካም። እ.ኤ.አ. በ1980 የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት አዋጅ ቁጥር 192 ከወጣ በኋላ በተስፋፋው ተከላም ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ትልቁን ድርሻ ያዙ። በደጋው አሮጌ የሀገር ዛፍ በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ቅሪቶች የትኛው ይጠበቅ? ዓለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ 168 የእንጨት ዕፀዋት ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ የዓይነቱን ስብጥር ከሁሉ ይልቅ የሚወስነውም ከፍታ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ውጤት ለጥበቃ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰፊ የደጋ ደን ቢከለል ጥዱና ወይራው ይድናል እንጂ የቆላ አፋፉ ዛፍ አይድንም፤ ታችኛው ቢጠበቅም ኮሶው አብሮ አይጠበቅም። ስለዚህ ደኑ ትንሽ ነው ተብሎ ትንሹ ደብር ከዕቅድ መውጣቱ ስሕተት ነው፤ በዚያ ከፍታ የቀረው ዘር መገኛ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ለዲማና ለአካባቢዋም ሥራው ከዚህ ይጀምራል፤ ከዓባይ አፋፍ እስከ ጮቄ ሥር ያሉትን ደብሮች በየከፍታቸው መዝግቦ፣ ለችግኝ ጣቢያ የሚሆነውን ዘር ከሚተከልበት ቦታ ጋር ከተቀራረበ ከፍታ መልቀም ነው። ከብት በሚገባበት ደን የወጣት ችግኝ ሞት እንደሚበዛ በደቡብ ጎንደር የተደረገው ጥናት ስላረጋገጠ፣ የድንጋይ ካቡም ከችግኙ ቀድሞ ይሠራል።