የመድኃኒት ቅሪት ከፍሳሽ ወደ ሰብል፦ የሰብል ምርጫ በአርባ ምንጭ

አኅጽሮት
ሽንትንና እጣቢ ውሃን ለእርሻ መልሶ መጠቀም ከጀርም ባሻገር የመድኃኒት ቅሪትንም ማገናዘብ አለበት። ይህ መጣጥፍ ቀዳሚው መከላከያ የትኛው ፍሳሽ ለየትኛው ሰብል እንደሚውል መለየት ነው ሲል ይሞግታል።

ዳራ
እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው የሮሳ ፕሮጀክት ሽንት የሚለዩ ደረቅ መጸዳጃዎችን፣ ኮምፖስትንና በእጣቢ ውሃ አትክልት ማልማትን በአርባ ምንጭ አስተዋውቋል። በዚያው 2006 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሽንት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት ለ6 ወር እንዲቀመጥ ይመክራል። የአርባ ምንጭ ታችኛው ክፍል የሆነው የሲቀላ ቆላማ አየር ይህን ያሟላል። ቆይታው ጀርምን ይገድላል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ካርባማዜፒንን ግን እምብዛም አይሰብረውም።

የአወሳሰድ መንገድ
ካርባማዜፒን ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው የሥርን ሽፋን በቀላሉ አልፎ ከውሃ ጋር በዛይለም (ውሃን ከሥር ወደ ላይ በሚያመላልሰው ቱቦ) ይወጣል፤ ውሃው ሲተን እሱ ቅጠሉ ላይ ይጠራቀማል። አሉታዊ ሙል ያለው ዳይክሎፌናክ በአብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል። ፍሬ ምግቡን በዋናነት በፍሎየም (ምግብን በሚያመላልሰው ቱቦ) ስለሚያገኝ ከቅጠል ያነሰ ይደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእስራኤል ጥናት 34 ጤነኛ ሰዎችን አሳትፎ፣ በታከመ ፍሳሽ የለማ አትክልት ሲመገቡ በሽንታቸው ውስጥ ያለው ካርባማዜፒን እንደሚጨምር አሳይቷል። መጠኑ ከሕክምና መጠን እጅግ ያነሰ ቢሆንም ቅሪቱ ከማሳ እስከ ሰው አካል እንደሚጓዝ ተረጋግጧል።

አንድምታ
እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት 212 የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን መርምሮ፣ ከሰውነት ከሚወጣው በአማካይ 64 በመቶው በሽንት እንደሚወገድ አስልቷል። ስለዚህ ሽንት የሚለይ መጸዳጃ ማዳበሪያውን ብቻ ሳይሆን ቅሪቱንም በአነስተኛ የፈሳሽ መጠን ውስጥ ለብቻው ይይዛል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚሄድበትን ማሳ መምረጥ ይቻላልና።

በከተማዋ አቅራቢያ በሀሬ ወንዝ መስኖ እንደሚለማው ያለ ሙዝ፣ እንዲሁም በቆሎ፣ የሚበላው ፍሬያቸው ስለሆነ ለሽንት ማዳበሪያ ተስማሚ ናቸው። ጎመንና ሰላጣ ግን ቅጠላቸው ስለሚበላ ሊጠበቁ ይገባል። ኩርኩፋ ከተባለው የአካባቢው ምግብ ጋር ዘወትር የሚበላው ሽፈራውም እንደዚሁ ነው፤ ካርባማዜፒን ሙቀት ስለሚቋቋም መቀቀል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሙዝ ቅጠል ለከብት መኖ ሲውልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ
ሽንት ለፍሬና ለእህል፣ ንጹሕ ውሃ ለቅጠል፤ ይህ ድልድል ውድ ማጣሪያ አይጠይቅም። በውሃ ምሕንድስና የተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የጓሮ ጎመንንና የሽፈራው ቅጠልን በቋሚነት ቢለካ፣ ድልድሉ ለገበሬውና ለከተማው አስተማማኝ መመሪያ ይሆናል።