ባኛልቡፋር፦ በድንጋይ እርከን ላይ የቆመች የማዮርካ የገበሬዎች መንደር

በሜዲትራኒያን ባህር ምዕራባዊ ክፍል የምትገኘው የስፔን ደሴት ማዮርካ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው በባህር ዳርቻ መዝናኛዎቿ ነው። ይሁንና የደሴቲቱ ጥንታዊ ገጽታ የሚታየው በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘረጋው የትራሙንታና የተራራ ሰንሰለት ላይ በሚገኙት የገበሬ መንደሮች ነው። ከእነዚህ አንዷ ከዋና ከተማዋ ከፓልማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ባኛልቡፋር ናት።

ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ያሏት ይህች መንደር ከተራራው ወገብ እስከ ባህሩ ጫፍ ድረስ እንደ ደረጃ በሚወርዱ እርከኖች የተከበበች ናት። የእርከኖቹ ግንብ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እየተገጣጠመ የተካበ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት የዝናቡን ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚያሳልፍ ግንቡ በውሃ ግፊት እንዳይፈርስ፣ አፈሩም ተጠርጎ ወደ ባህር እንዳይገባ ይረዳል።

የመንደሯ ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ሙስሊሞች ከ10ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እስከ እ.ኤ.አ. 1229 ደሴቲቱን ባስተዳደሩበት ዘመን የተስፋፋው የመስኖ ጥበብ ዛሬም በአካባቢው ይታያል። የምንጭ ውሃ በቦይ ተመርቶ በድንጋይ በተሠሩ ገንዳዎች ከተጠራቀመ በኋላ ወደየማሳው ይለቀቃል። መንደሯ ማልቫሲያ በሚባለው የወይን ዝርያ ትታወቅ የነበረ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የተሰኘው ተባይ የደሴቲቱን ወይን ባጠፋ ጊዜ ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ ቲማቲም አዙረዋል። ማልቫሲያ እንደገና በስፋት መተከል የጀመረው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው።

ወደ ስፍራው የሚጓዝ ጎብኚ በቀድሞ ዘመን ፖስታ አመላላሾች በእግር ይሄዱበት በነበረው መንገድ ከጎረቤት ከተማ ከኤስፖርለስ መነሣት ይችላል። የበጋው ሙቀት ከፍተኛ በመሆኑ ለእግር ጉዞ የሚመረጡት የጸደይና የመከር ወራት ናቸው። በመንገዱ ላይ ግንቦቹን አለመርገጥ፣ የተከፈተ የማሳ በር መልሶ መዝጋትና ከተፈቀደው መንገድ አለመውጣት ይጠበቃል፤ እርከኖቹ ባለቤት ያላቸው የእርሻ ማሳዎች ናቸውና።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የትራሙንታናን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተመሳሳይ መንገድ በድንጋይ እርከን የሚታወቀው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድርም ተመዝግቧል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ስፔንን ጨምሮ የስምንት የአውሮፓ አገሮችን ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብ ጥበብ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል።

ምዝገባው ብቻውን ግን ግንቡን አያቆመውም። እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ አንድ ድንጋይ ሲወድቅ የላይኛው አፈር ይከተላል፤ የላይኛው ሲናድም የታችኛውን ይጭናል። ወጣቶች ከእርሻ ይልቅ በቱሪዝም ሥራ መሰማራትን በመምረጣቸው በርካታ ማሳዎች ጦማቸውን አድረዋል። የቤት ዋጋ መናርም ተወላጆች በመንደራቸው መኖርን አስቸጋሪ አድርጎባቸዋል። በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓልማ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተቃውሟቸውን በሰልፍ ገልጸዋል።

ችግሩን ለማቃለል ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለወጣቶች የድንጋይ ካብ ሙያ ሥልጠና መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 አንስቶም በባሌአሪክ ደሴቶች የሚያድር ጎብኚ በየሌሊቱ ግብር እንዲከፍል የተደረገ ሲሆን፣ ገቢው ከሚውልባቸው ተግባራት መካከል የአካባቢና የቅርስ ጥበቃ ይገኙበታል።

የባኛልቡፋር ተሞክሮ እንደሚያመለክተው ጎብኚውን የሚስበው ውበት የገበሬው የዕለት ሥራ ውጤት ነው። በመሆኑም የእርሻ መልክዓ ምድርን በቅርስነት የሚያስተዳድር አካል፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ምን ያህሉ ግንቡን ለሚጠግነው አራሽ እንደሚደርስ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል።