የአጥንት መሣሪያና የጥንት አዳኞች ጥበብ

በጅቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ በተባለው ሰፈር፣ ለዕጩ መምህራን ታሪክ ሳስተምር፣ ከአጥንትና ከቀንድ ስለ ተሠሩ ጥንታዊ መሣሪያዎች ከሚናገር ምዕራፍ ደረስሁ። በመጽሐፉ የታተሙት ሥዕሎች ሁሉ ከአውሮፓ ዋሻዎች የተገኙ ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ የእኛ አባቶች በዚያን ዘመን እጅ አልነበራቸውምን?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ የተድበሰበሰ ነበር። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል። የእኛ አገር ድኩላ ቀንድ ዕድሜ ልኩን አይረግፍም። ሬንዲር የሚባለው የሰሜን አገር እንስሳ ቀንድ ግን ሁለንተናው አጥንት ሆኖ በየዓመቱ ይረግፋል፤ መልሶም ይበቅላል። የአውሮፓ አዳኞች ይህን እያነሡ የጦር ጫፍና ጦር መወርወሪያ ሠሩበት፤ የእንስሳም መልክ ቀረጹበት። ከሰሐራ በስተደቡብ እንዲህ ያለ እንስሳ አልኖረም። ስለዚህ የጐደለው እንስሳው እንጂ ጥበቡ አይደለም።

አጥንትን በሚመለከት ግን ምስክሩ በቤታችን ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኮንሶ፣ ከጉማሬ የጭን አጥንት የተጠረበ፣ ርዝመቱ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የእጅ መጥረቢያ ተገኝቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት መሠረት ዕድሜው 1.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በታንዛንያ፣ በኦልዱቫይ ሸለቆ፣ በአንድ ስፍራ የተገኙ 27 የአጥንት መሣሪያዎች ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናቸው በ2025 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

ስለ ሥዕልና ስለ ቀለምም እንዲሁ ነው። ከዚህ ከጅቡቲ በባቡር ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰ መንገደኛ፣ ከከተማው በስተደቡብ ፖርክ ኤፒክ የተባለውን ዋሻ ያገኛል፤ ትርጓሜውም ጃርት ማለት ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. አባ ብሩይ የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ መጥተው ዋሻውን መርምረዋል። በግድግዳው ላይ ሥዕሎች አሉ። ከአፈሩም ውስጥ 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር፣ ከመፍጫ ድንጋዮቹ ጋራ ወጥቷል፤ ዘመኑም ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በጅቡቲም ሰሜን፣ አቡርማ በተባለው ስፍራ፣ በጥቁር ዐለት ላይ ቀጭኔና ሰጎን ተቀርጸው ይታያሉ። ቀጭኔ ዛሬ በዚያ አገር የለም፤ ምድሩ ቀድሞ ለምለም እንደ ነበረ ዐለቱ ይመሰክራል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ መምህራን፣ ልጅ የሌላውን አባት ጥበብ ብቻ እየተማረ ካደገ፣ የራሱን አባት ሥራ ሲያገኝ እንደ ተራ ድንጋይ ይረግጠዋል። ሬንዲሩን ስናስተምር የኮንሶውን ጉማሬ ከጐኑ እናቁም። ተማሪዎቻችንን ወደ እነዚህ ስፍራዎች በወሰድን ጊዜም ያገኙትን በዐይናቸው አይተው፣ በወረቀት ሥለው፣ በቦታው እንዲተዉት እናስጠንቅቅ። ከተኛበት አፈር የተነቀለ አጥንት ዘመኑን የሚናገርለት ምስክር ያጣልና።

ያ ተማሪ ዛሬ ራሱ መምህር ነው። ጥያቄውን ከእርሱ ተማሪዎች አንዱ ቢጠይቀው፣ እኔ እንዳፈርሁ እንደማያፍር ተስፋ አለኝ።